የደንገጎን ቁልቁለት የሚችል ፍሬን፦ በሱባሩ ኢምፕሬዛ ላይ የተሠራ ማሻሻያ ሲገመገም

ድሬዳዋ ላይ የስፖርት መኪና መያዝ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር መሆኑን አስቀድሜ ባምን ይሻላል። ከተማው ሜዳ ነው፤ መንገዱን ባጃጅ ሞልቶታል፤ ከከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ተነሥቶ ሳቢያን እስኪደርስ ድረስ ባለ ቱርቦ ሞተር ከሦስተኛ ማርሽ በላይ የሚሠራበት ቦታ አያገኝም። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ከከተማው ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ደንገጎ የሚወጣ ዳገት አለ። ሲወጡት የሚፈተነው ሞተሩ ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ተራው የፍሬኑ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው በ2004 እ.ኤ.አ. በተሠራው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ መኪናዬ ላይ ያስገጠምኩትን የፍሬን ማሻሻያ፣ እንዲሁም ሥራውን አበላሽቶ የመለሰልኝን አንድ ጋራዥና አስተካክሎ የጨረሰልኝን ሌላ ጋራዥ ነው።

ለማሻሻያው ምክንያት የሆነኝ አንድ የሚያዝያ ቀትር ነበር። አማቴን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ከሐረር እየተመለስኩ ነው። ዓወዳይንና ሐሮማያን አልፈን ከደንገጎ ቁልቁለቱን ስንጀምር ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ከፊታችን እየተጎተተ ይወርዳል፤ ከኋላዬ ደግሞ አንድ የጫት መኪና መብራቱን እያብለጨለጨ ተለጥፎብኛል። ይህንን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ የጫት መኪና ከኋላ ሲመጣ ልብ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገውም። ማለፍም መቆምም ስላልተቻለኝ በሦስተኛ ማርሽ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሣ ብዙ መታጠፊያ ወረድኩ፤ ይህ የራሴ ጥፋት እንደሆነ አልክድም። ከግማሽ በላይ ከወረድን በኋላ ፔዳሉ ከወትሮው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ያዘ፤ በሚቀጥለው መታጠፊያ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ደጋግሜ እየረገጥኩ፣ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መልሼ፣ የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ እየሳብኩ ጥግ ያዝኩ። አማቴ የሆነውን ነገር አላወቁም። «ልጄ፣ ምጣድ ላይ የተረሳ ነገር አለ እንዴ? ያረረ ነገር ይሸተኛል» አሉኝ። የሸተታቸው የፍሬን ሸራዬ ነበር።

የሆነውን ነገር በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች፤ ከደንገጎ እስከ ከተማው ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ አንድ ሺህ ሜትር ይጠጋል። መኪናው ከነሰዎቹና ከነዕቃው 1,600 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ ያንን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ያው መኪና 25 ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ቢደረግ ከሚወጣው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ ማርሽ ዝቅ አድርጎ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሞተሩ ትልቁን ድርሻ ይሸከምለታል። ሞተሩን ሥራ ፈት አድርጎ በእግሩ ብቻ የሚወርድ ሰው ግን ቀሪውን ሁሉ በአራት ዲስኮች ላይ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ይህ ሙቀት ፍሬንን የሚያደክመው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ ሁለቱን መለየት ገንዘብ ያድናል። ሸራው ከሚችለው በላይ ሲግል ዲስኩን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፣ መኪናው ግን እንደሚፈለገው አይቆምም። የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ የሚሆነው ሌላ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ሳይሆን ሲጫኑት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል። የእኔ ፔዳል ሰምጦ ነበር፤ ስለዚህ የሸራው ሽታ ቢያስደነግጠኝም ዋናው ጥፋተኛ ዘይቱ ነበር ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት ግን ከብዙ ወጪ በኋላ ነው።

ሌላም በደጋ የሚነዳ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጪው አየር ግፊትና ከሞተሩ በሚመጣው ባዶ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እገዛውም አብሮ ይቀንሳል። ያው መኪና ሐረር ላይ ከድሬ ይልቅ ትንሽ ጠንከር ብሎ እንዲረገጥ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና መጠበቅና ማሻሻል ብቸኛው መንገድ ሆኖብኛል፤ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ በኋላም የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት አዲስ ዕቃ ማዘዙን ትቼ፣ ከዚያው ከኢምፕሬዛ ቤተሰብ ኃይለኛ ከሆነው ኤስ ቲ አይ ላይ የተፈታ፣ ያገለገለ የብሬምቦ የፊት ካሊፐር፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን ክፍል፣ ከዱባይ በጅቡቲ በኩል አስመጣሁ። የእኔ መኪና ፋብሪካ ያወጣለት የፊት ዲስክ 294 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ካሊፐሩም ባለ ሁለት ፒስተን ተንሸራታች ነው። የኤስ ቲ አይ ዲስክ 326 ሚሊ ሜትር ስፋትና 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ካሊፐሩ ባለ አራት ፒስተን ሲሆን ከሁለቱም ወገን እኩል ይጨብጣል። የዲስኩ ስፋት በጨመረ ቁጥር ሸራው ከመሐሉ ርቆ ስለሚይዝ ያው ጉልበት የበለጠ ያቆማል፤ ብረቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ ያው ሙቀት በብዙ ብረት ላይ ስለሚከፋፈል ዲስኩ ቶሎ አይግልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። ትልቅ ፍሬን መኪናን በአጭር ርቀት ያቆማል የሚል እምነት አለ። ጤነኛ የሆነ የፋብሪካ ፍሬን ግን በአንድ ጊዜ ርግጫ ጎማውን ማሰር ወይም ጎማው እንዳይታሰር የሚከላከለውን ኤ ቢ ኤስ ማስነሣት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው በስንት ሜትር እንደሚቆም የሚወስነው ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው መያዣ ነው። ያረጀ ጎማ ላይ ብሬምቦ መግጠም በተቀደደ ጫማ ላይ አዲስ ካልሲ እንደ ማድረግ ነው። ትልቁ ፍሬን ጥቅሙ የሚታየው ከመጀመሪያው ርግጫ ይልቅ በአሥረኛውና በሃያኛው ላይ ነው። ገበያ ላይ በቀይ ቀለም ተቀብቶ የሚሸጠው የፕላስቲክ የካሊፐር ሽፋን ደግሞ ለዓይን ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም፤ ነፋስ ስለሚከለክል ይጎዳል እንጂ።

ዕቃው እንደደረሰ በስም የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። በአንድ ቀን ጨረሱልኝ፤ ፍጥነቱ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ሲያስረክቡኝ ፔዳሉ እንደ ፎም ፍራሽ ልል ነበር። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይጠነክራል» ተባልኩ። ዘይት አስጨምሬ፣ አየር ደጋግሜ አስወጥቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለውጥ አላገኘሁም። በአራተኛው ቀን ጎማውን አውርጄ ከካሊፐሩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጥኩ። አየር የሚወጣባት ትንሿ ቡሎን ከታች ናት፤ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ቀጭን ቧንቧ ደግሞ ከላይ። የቀኙን ካሊፐር በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥመውት ነበር። አየር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም፤ መውጫው ከታች ከሆነ እስከ መስከረም ቢረገጥ ካሊፐሩ አናት ላይ የተያዘው አየር አይወጣም። ይህ ስሕተት የተሠራው በፍሬን ላይ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ስልክ ስደውልላቸው የሰጡኝ መልስም ከሥራቸው የተሻለ አልነበረም።

ሁለተኛው ጋራዥ ሳቢያን በኩል በቆርቆሮ የተከለለ፣ ከውጭ ምንም የማይመስል ግቢ ነው። ባለቤቱ ሙያውን በሐረር ፔዦ 404 ታክሲዎች ላይ የተማሩ፣ ፀጉራቸው የነጣ መካኒክ ናቸው። ድሬ ላይ «እርስዎ» ብዙም የማይሰማ ቃል ቢሆንም እኔ በአንቱታ «ጋሼ» ብዬ ጠራኋቸው፤ እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «አቦ» እያሉ ነው ያናገሩኝ። ካሊፐሮቹን ወዲያው አገላብጠው አልገጠሙም። አስፈትተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጧቸው፣ ፒስተኖቹን በኮምፕረሰር አየር ገፍተው አወጡና የውስጡን ጎሚኒ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ጎሚኒው ተሰነጣጥቋል። «ይሄ ደንገጎ ላይ ዘይት ያፈሳል። ጎሚኒ ካላመጣህ አልገጥምም» አሉኝና ጨርቃቸውን ጣሉ። እስኪመጣ ድረስ የድሮው ካሊፐር ይመለስ፣ ነገር ግን በአዲስ ዘይትና በጥሩ ሸራ ይሁን ብለው ወሰኑ።

ዘይቱ ሲቀየር ቆሜ አየሁ። ከቡሎኗ ላይ ቀጭን ላስቲክ ሰክተው ጫፉን በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነከሩት፤ አንድ ልጅ መሪው ላይ ተቀመጠ። «ርገጥ… ያዝ… ልቀቅ» እያሉ ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረው ዞሩ። ወደ ጠርሙሱ የወረደው ነገር ጠይም ነበር፤ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ረግቷል። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩትና «አቦ፣ ይሄ የፍሬን ዘይት አይደለም፤ ቁጢ ነው» አሉኝ። የሐረር ሰው የሚጠጣውን የቡና ቅጠል ሻይ ለሚያውቅ፣ መልኩ በእርግጥ ያው ነበር።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ሲሆኑ፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። እኔ የመረጥኩት ዶት 5.1 ነው። ስሙ የሚመሳሰለው ዶት 5 ግን ከሲሊኮን የሚሠራ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ ሱቅ ላይ ሲገዙ ነጥቧን አይቶ መግዛት ይገባል። ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥም አይወሰድም።

ጎሚኒው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ይህ መዘግየት የግምገማዬን ውጤት ለወጠው። በእነዚያ ሳምንታት በድሮው ካሊፐር፣ በድሮው ዲስክ፣ በአዲሱ ዘይትና በተሻለው ሸራ ብቻ ደንገጎን ስድስት ጊዜ ወረድኩ። አንድ ቀን ሆነ ብዬ፣ መንገዱ ባዶ በሆነበት ማለዳ፣ እንደዚያ ሚያዝያ በሦስተኛ ማርሽና በፍሬን ወረድኩት። ሸራው ሸተተ፤ ፔዳሉ ግን አልሰመጠም። ከታች ቆሜ በጨረር በሚለካ ቴርሞሜትር የፊት ዲስኩን ስለካው 370 ዲግሪ ገደማ አነበበ፤ እንዲህ ያለው መለኪያ በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ስለሚያነብ ሙቀቱ ከዚያም በላይ ሳይሆን አይቀርም። ከጠቅላላው ወጪዬ አንድ አምስተኛ የማይሞላው ሥራ የፈራሁትን ነገር አስቀርቶልኛል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ባውቅ ኖሮ ብሬምቦውን እገዛ ነበር ወይ ብባል፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዎን፤ ግን ከአንድ ዓመት በኋላ።

ጎሚኒው መጥቶ ካሊፐሮቹ በየቦታቸው ከተገጠሙ በኋላ የቀረው ሥራ በጥንቃቄ ተጠናቀቀ። መዳቡ ሮንዴላ በአዲስ ተተካ፤ የላስቲኩ ቱቦ በብረት ሽቦ በተጎነጎነ ተለወጠ። ከዱባይ አብሮ የመጣውን ያገለገለ ዲስክ ጋሼ ለክተው 28 ሚሊ ሜትር ላይ ስላገኙት መለሱልኝ፤ ለዚህ ዲስክ ዝቅተኛው ውፍረት ያ ስለሆነ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የማይታሰብ ነበር። አዲስ ዲስክ መግዛት ግድ ሆነ። ከዲስኩ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ መከለያ ለትልቁ ዲስክ ስለማይበቃ ብዙ ሰው ነቅሎ ይጥለዋል፤ እሳቸው ግን ጠርዙን አጥፈው አስቀሩት። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪግባቡ ድረስ ሙሉ ኃይላቸውን አይሰጡም። ለዚህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ወጣሁ፤ ሜዳና ቀጥ ያለ ስለሆነ በዙሪያችን ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ከኋላ ማንም አለመኖሩን እያረጋገጥኩ ከ90 ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ቀነስኩ፤ ሙሉ በሙሉ አልቆምኩም፤ የጋለ ሸራ በአንድ ቦታ ዲስኩ ላይ ሲቆም አሻራውን ትቶ በኋላ መሪውን ያንቀጠቅጣል። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ ረዘም ያለ መንገድ ነድቼ አቀዘቀዝኩት።

አሁን ደንገጎ ላይ ያለው ልዩነት እንዲህ ነው። በዚያው ማርሽ፣ በዚያው አነዳድ ስወርድ ቴርሞሜትሩ ከ260 ዲግሪ አላለፈም፤ በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያሠራሁ ስወርድ ደግሞ 150 ገደማ ላይ ቀረ። ከቁጥሩ በላይ የወደድኩት ግን የፔዳሉን ጠባይ ነው። ቱቦው አይለጠጥም፣ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፣ እግር የጫነውን ያህል ብቻ ይይዛል። መታጠፊያ ውስጥ ገብቼ ፍሬኑን በጥቂቱ ስለቅ መኪናው ያንኑ ጥቂት ብቻ ይለቃል።

ቅሬታዎችም አሉኝ። የስፖርት ሸራ ቀዝቃዛ ሳለ ያፏጫል፤ ሐረር አድሬ ጠዋት ጀጎል በር አጠገብ ስቆም ሰው ዞሮ ያየኛል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ርግጫዎችም ደነዝ ይላሉ። ቸርኬው በሳምንት ጊዜ ውስጥ በጥቁር ዱቄት ይሸፈናል። የድሮው ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ለብሬምቦው አይበቃም፤ ባለ 17 ኢንች ከነጎማው መግዛት ግዴታ ስለሆነ ሻጩ የማይነግራችሁ ትልቁ ወጪ ይህ ነው። የኋላውን ፍሬን ደግሞ አልለወጥኩትም። በኤስ ቲ አይ ላይ የእጅ ፍሬኑ ከበሮ 190 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእኔ መኪና ላይ 170 ነው፤ ስለዚህ የኋላው ዲስክ ከተለወጠ ከጀርባ ያለው ሳህንና የእጅ ፍሬን ሸራው ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ፊቱ ብቻ ሲጎለብት የማቆም ሥራው ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ኋላውም ሰነፍ ይሆናል፤ በዝናብ ጊዜ ይህ ይታወቀኛል። ስለዚህ ሥራው አለቀ ማለት አልችልም።

ይህንን መንገድ በሳምንት አንድ ጊዜ በቤት መኪና ለሚመላለስ ሰው ብሬምቦውን አልመክርም። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ በዶት 4 ወይም በዶት 5.1 ያስቀይር፣ ታዋቂ ሸራ ያስገጥም፣ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ። ባለ ቱርቦ መኪና ኖሮት በፍጥነት መንዳት የሚወድ ሰው ከሆነ ግን በዚሁ ቅደም ተከተል ጀምሮ ካሊፐሩን በመጨረሻ ያስብበት።

የሁለተኛው ጋራዥ የእጅ ዋጋ ከመጀመሪያው በሲሦ ይበልጣል፤ ደረሰኝ ሲጠየቅ ይሰጣል፤ የተፈታው አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን ተመልሶልኛል። ጉድለቱ ቀጠሮ አለማክበሩ ነው፤ «ነገ» ማለት ብዙ ጊዜ ከነገ ወዲያ ነው፤ ከሰዓት በኋላም የምርቃና ሰዓት ስለሆነ ሥራ የሚጀመረው ጠዋት ላይ ብቻ ነው። ለኋላው ፍሬን በሰኔ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ጋሼ ሳህኑንና የእጅ ፍሬን ሸራውን አስቀድሜ ይዤ ካልመጣሁ መኪናውን እንደማያነሡት ነግረውኛል።